«ጋሼ፣ በወጣትነትዎ የት ነው የኖሩት?»

የግቢያችን ሽንት ቤት ጨለማ ነው። የምንኖረው ፒያሳ፣ ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ ያለ የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው። ሽንት ቤቱ የጋራ ነው፤ ጉድጓድ ነው፤ አምፖሉ ሲቃጠል ደግሞ ቶሎ የሚቀይረው የለም። ይህን መጀመሪያ የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። ጉድጓድ ላይ የሚሸና ሰው የሽንቱን መልክ አያይም። አባዬ ስንት ወር ደም ሲሸና እንደከረመ እስከ ዛሬ አናውቅም።

ያወቅነው በ2013 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ነው። ማታ ማታ እየተነሳ በዝናብ ሲወጣ ብርድ እንዳይመታው ብላ እማዬ ፖፖ ገዛችለት። አንድ ቀን ጠዋት ልትደፋ ስታነሳው ውስጡ ያለው የሥጋ እጣቢ ይመስላል። አልጮኸችም። ፖፖውን እንደያዘች እኔ ወዳለሁበት መጣችና «እስቲ ይሄን እይው» አለችኝ። ሁለታችንም ቆመን ዝም ብለን አየነው።

አባዬ ያኔ 68 ዓመቱ ነው። ሲጋራ አጭሶ አያውቅም። ጠላ እንኳን በዓል ካልሆነ አይቀምስም። ሌሊት ስድስት ሰባት ጊዜ እንደሚነሳ እናውቅ ነበር፤ ግን በዚያ ዕድሜ ያለ ወንድ ሁሉ እንደዚያ ነው ብለን ትተነው ነበር። ሽንቱ ሊያልቅ ሲል እንደሚያቃጥለው የነገረን ስንጠይቀው ነው። አባቶቻችን እንዲህ ያለውን ነገር ለልጅ አይናገሩም፤ ለሴት ልጅ ደግሞ ጭራሽ።

ክሊኒክ ወሰድነው። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነው ተባለ፣ መድኃኒት ተሰጠው፣ ደሙ ጠፋ። እፎይ አልን። ከአንድ ወር በኋላ ተመለሰ። ሌላ መድኃኒት። ጠፋ፣ ተመለሰ። ሌላ ክሊኒክ ሄድን፤ ፕሮስቴት ነው፣ ዕድሜ ነው አሉን። ጎረቤት ብርድ ነው አለ፤ ተልባ ጠጣ፣ ጠበል ጠጣ። እንዲህ እያልን ዘጠኝ ወር ሄደ። አሁን ሳስበው የሚያንገበግበኝ አንድ ነገር ነው፤ ደሙ በጠፋ ቁጥር በሽታው የጠፋ ይመስለን ነበር። የሽንት ፊኛ ካንሰር ደም እንዲህ ነው፤ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ መድኃኒት ተወሰደም አልተወሰደም። በመሀል የጠፋባቸው ሳምንታት ናቸው ያታለሉን።

በዘጠኝ ወሩ አልትራሳውንድ ተነሳ። ፊኛው ውስጥ እብጠት አለ፤ የቀኝ ኩላሊቱም ውሃ ቋጥሯል ተባልን። ወረቀቱን ይዘን አንድ የሽንት አካላት ቀዶ ሐኪም ዘንድ ሄድን። ወጣት ነው፣ ከእኔ ብዙም አይበልጥም። ራጁንም አየ፣ አልትራሳውንዱንም አየ፤ ከዚያ ወንበሩን ወደ አባዬ አዞረና እንዲህ አለው፤

«ጋሼ፣ በወጣትነትዎ የት ነው የኖሩት?»

«እዚሁ። አራዳ ነው የተወለድኩት።»

«ለሥራ የሄዱበት አገር የለም?»

«አዋሽ ነበርኩ። መልካ ሰዲ፣ ጥጥ እርሻ። ከ68 እስከ 77።»

ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ውሃ ውስጥ ይታጠቡ ነበር?»

አባዬ ሳቀ። «ታዲያ ያን ሙቀት በምን ልቻለው?»

ከዚያ ሁላችንም ሰምተነው የማናውቀውን ነገር ተረከ። የመስኖው ቦይ ድፍርስ ስለነበር አይወዱትም። ከእርሻው ዳር፣ ወንዙ ሲሞላ እየፈሰሰ የሚተኛበት ረግረግ አለ፤ ዙሪያው ሳር፣ ውሃው ጥርት ያለ፣ እግርህ እስኪታይህ ድረስ። ከሥራ ሲወጡ እዚያ ገብተው ይዋኛሉ፣ ልብሳቸውን ያጥባሉ። ጥሩውን ውሃ መርጠው ማለት ነው። «ያኔም አንዳንዴ መጨረሻ ላይ ሽንታችን ቀላ ይል ነበር» አለ፤ «ሙቀቱ ነው እንል ነበር፤ ብዙዎቻችን እንደዚያ ነበርን።»

እማዬ ዞር ብላ አየችው። አርባ ምናምን ዓመት አብራው ኖራ ይህን የሰማችው ያን ቀን ነው።

ከዚያ በፊት ያዩት ሁሉ ሲጋራ ያጨስ እንደሆነ ጠይቀውታል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ የተለመደው የፊኛ ካንሰር ትልቁ ምክንያት ሲጋራ ነውና። ስለ ውሃ የጠየቀው ግን ማንም አልነበረም።

ነገሩ ቢልሃርዚያ ነው፤ ውሃ ውስጥ ከሚገኝ ትል የሚመጣ በሽታ። ብዙዎቻችን ቢልሃርዚያ ሲባል የምናውቀው ተቅማጥና የሆድ ቁርጠት የሚያመጣውን፣ የአንጀቱን ነው፤ በአገራችን በብዛት ያለውም እሱ ነው። የሽንት ፊኛን የሚይዘው ሌላው ዓይነት እኛ አገር ያለው በጥቂት ቆላ ቦታዎች ነው፤ በመካከለኛውና በታችኛው አዋሽ፣ በታችኛው ዋቢ ሸበሌ፣ በሱዳን ድንበር ኩርሙክ አካባቢ። ትሉ መጀመሪያ የሚያድገው ውሃ ውስጥ ባለ ቀንድ አውጣ ሆድ ነው። ከዚያ ወጥቶ ውሃው ውስጥ የገባውን ሰው በቆዳው በኩል ይገባበታል። ውሃውን መጠጣት አያስፈልግም፤ ጥቂት ደቂቃ እግርን መንከር ይበቃዋል። ሰውነት ውስጥ ካደገ በኋላ በፊኛው ዙሪያ ባሉ ደም ሥሮች ይኖርና እንቁላል ይጥላል። ከእንቁላሉ ገሚሱ የፊኛውን ግድግዳ እየበሳ በሽንት ይወጣል፤ ገሚሱ እዚያው ተቀርቅሮ ይቀራል። ያ የተቀረቀረው ነው ለዓመታት የሚቆጠቁጠው።

ሐኪሙ ያስረዳን እጁን ዘርግቶ ነው። መዶሻ የሚይዝ ሰው እጁ መጅ ያወጣል አይደል? ፊኛም ሁልጊዜ ሲቆስል ለስላሳው የውስጥ ሽፋኑ እየተለወጠ እንደ ቆዳ ያለ ጠንካራ ሽፋን ያወጣል። ከሃያ፣ ከሠላሳ፣ ከዚያም ከሚበልጥ ዓመት በኋላ ያ የተለወጠው ሽፋን ካንሰር ሊሆን ይችላል። ስሙ ስኩዌመስ ሴል ካርሲኖማ ነው። ቢልሃርዚያ በሌለባቸው አገሮች ከመቶ የፊኛ ካንሰር ዘጠና ገደማው የተለመደው ዓይነት ሲሆን፣ ይሄኛው አምስት እንኳን አይሞላም። ግብጽ ውስጥ ግን ለረጅም ጊዜ ዋነኛው ዓይነት እሱ ነበር፤ የቢልሃርዚያ ሕክምና በአገሪቱ ከተስፋፋ በኋላ ነው ቁጥሩ የቀነሰው። ትሉን ቴዎዶር ቢልሃርዝ የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም ያገኘው እዚያው ካይሮ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1851። የዓለም የካንሰር ምርምር ድርጅት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1994 ካንሰር አምጪ መሆኑ ከተረጋገጠ ነገሮች ተርታ መድቦታል። እና እኛ ዘጠኝ ወር ተልባ ስናጠጣ ነበር።

በሽንት ቧንቧው በኩል ቀጭን ካሜራ አስገብተው ከፊኛው ናሙና ወሰዱ። የናሙናው ምርመራ ውጤት ሲመጣ ካንሰሩ ያው ስኩዌመስ ሴል ካርሲኖማ ነበር። ከሥሩ አንድ መስመር ተጨምሯል፤ ሥጋው ውስጥ ያረጁ፣ እንደ ኖራ የደረቁ የትል እንቁላሎች ተገኝተዋል ይላል። አዋሽን ከለቀቀ 37 ዓመት አልፎታል። ትሉ ከሞተ ስንት ጊዜው! እንቁላሉ ግን እዚያው ነው።

እስከዚህ ድረስ ያለው ስለ በሽታው ነው። ዋናው ኑሮ የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው፤ ስለ እሱም የሚጽፍ ሰው አጥቼ ነው እኔ የጀመርኩት።

ቀዶ ሕክምናው ወዲያው አልተደረገም። እብጠቱ ሽንት ከኩላሊት የሚወርድበትን ቱቦ ዘግቶት ግራውም ኩላሊት ማበጥ ጀምሮ ነበር። ክሪያቲኒን የሚባለው የኩላሊት ምርመራ ከ1.2 ብዙ መብለጥ የለበትም፤ የእሱ 6.8 ደረሰ። ምግብ አስጠላው፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ፊቱ ያብጣል። በጀርባው በኩል ኩላሊቱ ድረስ ቀጭን ቱቦ ተገባለትና ሽንቱ በዚያ ወደ ከረጢት መውረድ ጀመረ። ይህ ካንሰር ብዙ ጊዜ ሰው የሚጎዳው ሩቅ ቦታ ሄዶ ሳይሆን እዚያው ተስፋፍቶ ኩላሊትን በመዝጋት ነው። ስለዚህ ደም ብቻ አትዩ። እግር ማበጥ፣ ወገብ ላይ የሚቆይ ሕመም፣ የሽንት መቀነስ፣ ይሄ ሁሉ ቶሎ የሚያስኬድ ነው።

ኬሞ ይሻላል ወይ ብለን ጠይቀን ነበር። ለተለመደው ዓይነት የሚሰጠው ኬሞ ለዚህኛው ያን ያህል አይሠራም አሉን፤ ዋናው መፍትሔ ፊኛውን ማውጣት ነው። አባዬ አልፈልግም አለ። «እግዜር የሰጠኝን ይዤ ልሂድ» አለ። ሁለት ሳምንት ሙሉ አለ። ያሸነፈችው እማዬ ናት፤ እንዴት እንዳሸነፈችው አላውቅም፣ በሩን ዘግተው ነው የተነጋገሩት።

ወንድሜና ሁለት የሰፈር ልጆች ደም ሰጡ። ቀዶ ሕክምናው ሰባት ሰዓት ፈጀ። ፊኛው ወጣ፣ ፕሮስቴቱም አብሮ ወጣ፤ ከትንሹ አንጀት ቁራጭ ተወስዶ የሁለቱ ኩላሊቶች ቱቦ እሱ ላይ ተሰፋና ጫፉ ከእምብርቱ በስተቀኝ በሆዱ ላይ ወጣ። ስቶማ ይሉታል። ቀይ ነው፣ እርጥብ ነው፣ የከንፈር ውስጥ ይመስላል። ሲነኩት አያምም። ሽንት በዚያ በኩል ያለማቋረጥ ጠብ ጠብ ይላል፤ መያዝ የሚባል ነገር የለም። በላዩ ላይ የሚለጠፍ ከረጢት አለ፣ ባግ ነው የምንለው።

ቤት ስንገባ ባጉን ማን ይቀይር የሚለው ጥያቄ ተነሳ። አባዬ ወንድሜ ይቀይር አለ። ወንድሜ ሁለት ቀን ሞከረ፣ እጁ ተንቀጠቀጠ፣ ሥራውም የፈረቃ ነው። ሦስተኛው ቀን እኔ ቀየርኩት። አባዬ እስክጨርስ ጣሪያውን እያየ ነበር፣ እንባው በጆሮው በኩል ወረደ። ምንም አልተባባልንም። በስድስተኛው ሰባተኛው ቀን ነው «ቀስ በይ፣ ፀጉሬን ነቀልሽው» ብሎ የተቆጣኝ። ያ ቁጣ ደስ አለኝ።

ማንም ቀድሞ ያልነገረን ብዙ ነገር ነበር። አንድ ሌሊት ባጉ ውስጥ ነጭ ንፍጥ የመሰለ ነገር አይተን ካንሰሩ ተመለሰ ብለን እስኪነጋ ቁጭ ብለን አደርን። ለካስ አንጀት አንጀት ነው፤ ቦታው ቢቀየርም ንፍጡን ማመንጨቱን አይተውም፣ ጤናማ ነገር ነው። ሌላው ቀዳዳው ነው። ባጉ ላይ የሚቆረጠው ቀዳዳ ከስቶማው ሚሊ ሜትሮች ብቻ ነው መብለጥ ያለበት። ሰፋ ካለ ሽንቱ ቆዳውን ይበላዋል። ስቶማው ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ስምንት ሳምንታት እየሟሸሸ ስለሚሄድ በየጊዜው መለካት አለበት። እኛ መጀመሪያ በለካነው መቁረጥ ቀጥለን ዙሪያው እንደ እሳት ቃጠሎ ላጠ።

ከዚያ ባግ ከገበያ ጠፋ። ሁለት ሳምንት። ከፒያሳ ጀምሬ በእግሬ ተክለሃይማኖት ድረስ ያሉትን የሕክምና ዕቃ መሸጫዎች አንድ በአንድ ጠየቅኩ። «የሰገራው አለ፣ የሽንቱ የለም።» የሰገራው ከሥሩ መክፈቻ ቧንቧ የለውም፣ ለሽንት አይሆንም። በመጨረሻ ፌስታል በፕላስተር ለጠፍን። በየሁለት ሰዓቱ ይፈስሳል። አባዬ ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብሎ ነበር የሚያድረው፣ አንሶላ ላለማበላሸት። አሁን ከውጭ የሚመጣ ሰው ባገኘን ቁጥር እናስመጣለን፣ አንዱን ሦስት አራት ቀን እንጠቀምበታለን። ግን ዘመድ ውጭ የሌለው ምን ያደርጋል? ይህን ሳስብ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ያን ጊዜ ተክለሃይማኖት ስዞር ሰፈረ ሰላም አጠገብ ደረስኩ። እዚያ በዶክተር አክሊሉ ለማ ስም የተሰየመ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት አለ። በልጅነቴ በዚያ በኩል ሳልፍ ምን እንደሚሠራ አላውቅም ነበር። አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። እንዶድ የቢልሃርዚያን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ለዓለም ያሳወቀው እሱ ነው፤ ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን ሽልማት አግኝተውበታል። አያቴ ነጠላዋን በእንዶድ ነበር የምታጥበው። አባዬ ደግሞ በዚያው ዘመን ቀንድ አውጣ ባለበት ውሃ ውስጥ ቆሞ ልብሱን በሳሙና ያጥባል። በሩ ላይ ትንሽ ቆምኩ፣ ከዚያ ባግ ፍለጋዬን ቀጠልኩ።

ሌላው ችግር ቀስ ብሎ የሚመጣው ነው። ሽንት አንጀት ውስጥ ሲያልፍ አንጀት የማይገባውን መልሶ ይመጥጣል፤ ደም ውስጥ አሲድ ይበዛል። አባዬ በአምስተኛው ወር ደከመው፣ እንጀራ አስጠላው፣ እንደሮጠ ሰው ይተነፍሳል። እኛ ሐዘን መስሎን ነበር። በደም ምርመራ ሲታይ አሲድ ነው፤ ቢካርቦኔት ሲጀመርለት በሳምንቱ ሽሮ አምጡ አለ። ቫይታሚን ቢ12ም በየዓመቱ ይታያል፣ የሚመጠጥበት የአንጀት ክፍል ስለተነካ ከዓመታት በኋላ ሊያልቅ ይችላል። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ ደግሞ ማደር የለም፤ ኢንፌክሽኑ ወደ ኩላሊት ነው የሚሄደው።

ስለ ባልና ሚስት ነገርም ማንም አልነገራቸውም። ፕሮስቴት አብሮ ሲወጣ የወንድነት ነገርም ብዙ ጊዜ አብሮ ይጎዳል። ከቀዶ ሕክምና በፊት ለሁለቱም ሊነገር የሚገባ ነገር ነው፣ ሰባ ዓመት ቢሆናቸውም።

ለአባዬ ከሁሉ የከበደው ግን ቤተ ክርስቲያን ነው። በየእሑዱ ጊዮርጊስ የማይቀር ሰው ከበር ውጭ፣ አጥሩን ተሳልሞ ይመለሳል። «ሽንት ታቅፌ እንዴት እገባለሁ?» ይላል። አምስት ወር እንዲህ አደረገ። የነፍስ አባቱ አንድ ቀን ቡና ሊጠጡ ቤት መጡና ነገሩን ሰሙ። ቡናቸውን አስቀምጠው «ልጄ፣ ሰው ሁሉ ሽንቱን ይዞ ነው የሚገባው፤ ያንተ ውጭ ስለሆነ ነው የታየህ» አሉት። በቀጣዩ እሑድ ባጉን አዲስ ቀየርንለት፣ ጋቢውን ደረበ፣ ገባ። እማዬ ከሴቶች በኩል ቆማ ቅዳሴው እስኪያልቅ እሱን ስታይ ነበር።

አሁን ሁለት ዓመት ተኩል ሆነው። ሲቲ ስካኑ እስካሁን ንጹሕ ነው። ክሪያቲኒኑ 1.9 ላይ ቆሟል፤ የቀኝ ኩላሊቱ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። ውሃ በሊትር እንጠብቅበታለን።

አዋሽ፣ ጋምቤላ፣ ሱዳን ጠረፍ፣ የትም ይሁን፣ ቆላ ውሃ ውስጥ የኖረ አባት ወይም ወንድም ካላችሁ ጠይቁት። ሽንቱን በነጭ ዕቃ ይሽና፣ በብርሃን እዩት። ለሐኪሙ ሳይጠየቅ የኖረበትን ቦታ ይንገር። እንቁላል ለማየት ሽንት የሚሰጠው ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፣ እንቁላሉ በብዛት የሚወጣው ያኔ ነው። ትሉ ካለ ፕራዚኳንቴል የሚባል ክኒን በክብደት ተለክቶ ይሰጣል፣ ይገድለዋል። የቆየ ከሆነ ግን ሽንት ውስጥ ምንም ላይገኝ ይችላል፤ ስለዚህ ደም ካለ «ኔጌቲቭ ነው» ተብሎ አይቀመጥም፣ በካሜራ ይታይ።

አባዬ ባለፈው ፋሲካ አንድ ደብተር አወጣ። መልካ ሰዲ አብረውት የሠሩትን ሰዎች ስም ጻፈ፣ አሥራ አራት ሆኑ። ስልካቸውን ከዚህም ከዚያም እያጠያየቀ ይደውላል። አምስቱ ሞተዋል። ሁለቱን «ኩላሊት ነው የገደላቸው» አሉ ልጆቻቸው፤ አባዬ ያን ሲሰማ ስልኩን ዘግቶ ረጅም ሰዓት ዝም ብሎ ነበር። አዳማ ያለው አንዱ ግን ደም አለበት፣ ማንም አያውቅም ነበር፣ ባለፈው ወር ለካሜራ ምርመራ ቀጠሮ ያዙለት።

ዛሬም ይህን ስጽፍ በረንዳው ላይ ተቀምጦ እየደወለ ነው። ጆሮው ስለደከመ ጮክ ብሎ ነው የሚያወራው፣ ግቢው ሁሉ ይሰማል፤ ድሮ ቢሆን በዚህ ነገር በሹክሹክታ እንኳን አይናገርም ነበር። «ስማ እንጂ፣ ሽንትህን ነው የምልህ፣ ሽንትህን! ቀላ ብሎ ያውቃል ወይ?»